መንታ ያልወለደው ግድግዳ

በደሴ ከተማ ከሰው ቀድሞ የሚነጋው ለግድግዳ ነው። ሰው ገና ብርድ ልብሱን ወደ አንገቱ እየሳበ ሳለ፣ ከሆጤ እስከ ቧንቧ ውሃ ያለ ግድግዳ ሁሉ አንዴ ብልጭ ይልና ትናንትን ይረሳል። ሕፃን በጥፍሩ የቧጨረው፣ ሽማግሌ ተደግፎ ያወዛው፣ ወጥ የተፈናጠቀበት፣ ሁሉም የለም። ወይራ የለበሰው ዛሬ የበቀለ ወይራ ይሆናል፤ ድንጋይ የለበሰው ዛሬ ከተራራ የተፈለጠ ይመስላል። እድሳት ይሉታል። ግድግዳ ያረጃል ብትሏቸው ልጆች ይስቃሉ።

ያፌት ይህችን ሰዓት ይወዳታል። ስድሳን የተሻገረ ሰው ነው። ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል፤ ጣቶቹ ግን ገና የጎረምሳ ናቸው። በካልሲው እየተራመደ የሳሎኑን ግድግዳ በመዳፉ ይዳብሳል። ወይራው ይሻክራል፣ ስንጥቁ ጥፍር የሚያስገባ ይመስላል፣ ጉጡ ጋ ሲደርስ ቅዝቃዜው ይለወጣል። ሁሉም የራሱ የእጁ ሥራ ነው። ያፌት አልባሽ ነው።

አልባሽ ማለት ግድግዳ የሚያለብስ ሰው ነው። እንጨት መቁረጥ ተከልክሏል፣ ድንጋይ መፍለጥም ቀርቷል። ጦሳ ተራራ ዙሪያውን ታጥሮ ሰው የሚያየው ተራው ሲደርስ ብቻ ነው፤ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ዛፉን አይቶ፣ ተንፍሶ ይመለሳል። ግን ምን ይሁን፣ ሰው ያለ እንጨትና ያለ ድንጋይ ማደር አይሆንለትም። ነጭ ግድግዳ ውስጥ የከረመ ቤተሰብ በሆነ ባልሆነው ይጣላል። ስለዚህ አልባሽ ይጠራል።

ሥራው እንዲህ ነው። አልባሹ መጀመሪያ ግራጫ ያነጥፋል። በላዩ ጤፍ የሚያካክል ነጠብጣብ ይበትናል። ነጠብጣቡን በአንድ አቅጣጫ ሲጎትተው የእንጨት ጭረት ይወጣዋል፤ ጭረቱን በጣቱ ጠምዘዝ ሲያደርገው ጉጥ ይሆናል። ከዚያ ፀሐይ በየት በኩል እንደምትመጣ ይወስንና ለእያንዳንዷ ስንጥቅ ጥላዋን ያድላታል። አንዱን ስስ ንጣፍ፣ ሌየር የሚሉትን፣ በሌላው ላይ እየደረበ፣ የታችኛውን በላይኛው በኩል በስሱ እያሳየ፣ ቅርፊቱ ቅርፊት እስኪሆን ይሠራል። የመጨረሻው ሥራ ከሁሉ ይከብዳል። ግድግዳ ሰፊ ነው፣ ዕድሜ አጭር ነው፤ ማንም አልባሽ ከሠራው ላይ ቆርጦ ወዲያ ማዶ መለጠፉ አይቀርም። ታዲያ የለጠፈው ካልተሸሸገና አንዱ ጉጥ ሁለት ቦታ ከታየ፣ «ግድግዳው መንታ ወለደ» ይባላል። በአልባሾች ዘንድ ከዚህ የባሰ ውርደት የለም። እንዲያ የተባለበት ሰው ሰፈር እስከመቀየር ይደርሳል።

ያፌት አንድም ግድግዳ መንታ ወልዶበት አያውቅም። የከተማው አልባሾች ሁሉ ተቆጣጣሪ ያደረጉትም ለዚሁ ነው። በደሴ ውስጥ ለእሱ መዳፍ የማይከፈት ግድግዳ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ሰው ምን ጎደለው ትሉ ይሆናል። የጎደለውን እሱም ራሱ ዘግይቶ ነው ያወቀው።

ሚስቱ ሀሴት ጠዋት ሻይዋን ቀድታ፣ ወንበሯን ከክፍሉ መሃል አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ስትደክም ራሷን በእጇ ትደግፋለች እንጂ ጀርባዋን ወደ ግድግዳው አትሰጥም። ግድግዳውን አትጠላውም፤ እንግዳ ሲመጣ «ያፌት ነው የሠራው» ትላለች፣ ድምፅዋ ላይም ምንም ክፋት የለም። ለዓመታት ይህ የአቀማመጥ ልማዷ ይመስለው ነበር። ሰው አንዱ እንዲህ ይቀመጣል፣ ሌላው እንዲያ።

ነገሩ የተበላሸው በሥራ ቦታ ነው። ቤዛዊት የምትባል፣ ቀለም የምታስማማ፣ ምላሷ ግን ከማንም ጋር የማይስማማ ሴት ነበረች። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ፦

«ያፌትዬ፣ ቤታችሁ ግድግዳ አልቆ ነው?» አለችው።

ምን ለማለት እንደፈለገች ጠየቃት። ሀሴትን ቧንቧ ውሃ፣ የገመድ መኪናው ማረፊያ ውስጥ እንዳየቻት ነገረችው። አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ከሰዓት ከሰዓት ትመጣለች፣ የሙስዓብ ግድግዳ ላይ ትደገፋለች፣ መኪናው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እሷ አትሳፈርም። «ሰላም ብላት አልሰማችኝም፤ የተኛች ነው የምትመስለው» አለችና ጎመኗን ጠቀለለች። በጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ሳህኑን ያይ ጀመር።

ሙስዓብን ያፌት ከወጣትነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ሥራውን አብረው ነው የተማሩት። ቀልደኛ፣ ቸልተኛ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ አንድ ቁልፍ የጎደለው ሰው ነው፤ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን ይኖራል። የማረፊያውን ግድግዳ ያለበሰው እሱ ነው፦ ጥቁር ድንጋይ፣ ከላይ እስከ ታች የድንጋይ ሽበት የሚሉት ሻጋታ መሰል ነገር የወረሰው፣ ውሃ የወረደበት መስመር ያለው። ሠርቶ ሲያስረክብ እድሳቱን ማሰር፣ ማለትም ግድግዳው በየጠዋቱ እንዲታደስ ማድረግ፣ ረሳ። በማግስቱ ሊያስተካክል ቢመጣ ሰው ተደግፎ አገኘ። ተነሱልኝ ማለት ይሉኝታ ያዘውና ተመለሰ። በሌላው ቀን መጣ፣ አንዲት እርጉዝ ተደግፋ አገኘ፤ አሁንም ተመለሰ። እንዲህ ሲል ሲል ግድግዳው ሳይታደስ ቀረ። የተነካውንም ሁሉ ያስቀምጥ ጀመር። ትከሻ የሚያርፍበት ለሰለሰ፣ የልጆች እጅ የሚሄድበት መስመር አበራ፣ ጀርባ የበዛበት ላይ የድንጋዩ ሽበት ሳሳ። ሰው ወደደው። መንገዱ ያልሆነ ሁሉ በዚያ ያልፍ ጀመር። ያፌት ነገሩን ሲሰማ «ስንፍና ነው» ብሎ ትቶት ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት ግን ሥራውን ጥሎ ወደ ማረፊያው ሄደ፤ ከአንድ ዓምድ ኋላ ቆመ።

ሀሴት ነበረች። ቀኝ እጇን ከደረቷ ትንሽ ከፍ አድርጋ ድንጋዩ ላይ አሳርፋለች፣ ጉንጯን ከእጇ አጠገብ አስጠግታለች፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ፊቷ ላይ ያለው ዕረፍት ያፌት የሚያውቀው ዕረፍት አልነበረም። ወይም ያውቀው ነበር፤ በጣም ጥንት፣ ሲጋቡ ሰሞን። ሌላ ወንድ ደረት ላይ ተጠግታ ቢያገኛት ምናልባት ይጮህ ነበር፣ ሰው ይሰበስብ ነበር። ለድንጋይ ምን ተብሎ ይጮሃል? ያውም ድንጋይ ላልሆነ ድንጋይ።

ቆይቶ ሙስዓብ መጣ። ከኪሱ ቆሎ ዘግኖ ሰጣት። የተባባሉት አልተሰማም፤ ሀሴት ግን ሳቀች። ያፌት ዓምዱን በጥፍሩ እየቧጨረ እንደነበር ያወቀው ጣቱ ሲያመው ነው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሥራ ብቻ ሆነለት፤ መንታ ፍለጋ። ይወልዳል፣ ሳይወልድ አይቀርም፣ ያን የመሰለ ሰፊ ግድግዳ ያለ መንታ ማን ይሠራዋል ብሎ ጠዋት ጠዋት፣ ሀሴት በማትመጣበት ሰዓት፣ ማረፊያው ውስጥ ይገተራል። ስንጥቅ ከስንጥቅ ያስተያያል። የሽበቱን ክብ ሁሉ አንድ በአንድ ይለምዳል። ሰው የተደገፈባቸውን ቦታዎች ሳይቀር፣ የለሰለሰውን፣ የወዛውን፣ የጠቆረውን፣ ዓይኑን ጨፍኖ እስኪስለው ድረስ አጠናው። ሀሴት እጇን የምታሳርፍበትንም አየ፦ በመዳፍ ልክ የጎደጎደ፣ አራት ጣት ወደ ታች የወረደበት፣ አምስተኛው፣ ትንሹ፣ ከሥሩ ቆልመም ብሎ ብቻውን የቀረ። ለብቻዋ ያለች ነገር ናት፣ ሌላ ቦታ አልተደገመችም ብሎ አለፋት። ዓይኑ መንታ እንጂ ሰው አልፈለገም።

ሙስዓብ አንድ ጠዋት ከኋላው መጥቶ ቆመ።

«መንታ ነው?»

«ተቆጣጣሪ አይደለሁ እንዴ? ሥራዬ ነው» አለ ያፌት ሳይዞር።

«ካገኘህ ንገረኝማ። አንዱ ከዚያ መስኮት በታች ነበር፣ በእርግጥ ነበር፤ ሰው ተደግፎ ተደግፎ አጠፋልኝ።»

ያፌት ይህ ሙያ አይደለም አለው። ሌላ ሰው የሚጨርሰው ሥራ የአልባሹ ሊባል አይችልም፣ መንገደኛ በትከሻው ያበላሸውን ጥበብ ብሎ መጥራት ሥራውን ማዋረድ ነው፣ እያለ ብዙ ተናገረ። ሙስዓብ ራሱን እየነቀነቀ ሰማው፤ ያናደደውም ይኸው መስማማቱ ነበር።

«እኔ እኮ ጨረስኩት አላልኩም፣ ወንድሜ» አለና ቆሎ ጋበዘው። ያፌት አልዘገነም።

እንግዲህ ቅናት የእጅ ሙያ ያለውን ሰው ሲይዝ መቼም ሥራ አያስፈታም። ያፌት ለሀሴት ግድግዳ ሊሠራላት ተነሣ። እናቷ እማማ ሜሮን የወረኢሉ ሰው ነበሩ፤ ባለፈው ክረምት ነው ያረፉት። የወረኢሉን ገደል፣ ንፋስ የሚልሰውን፣ ቢጫ ሽበት ያለውን፣ ከድሮ ምስል እያየ መኝታ ቤታቸው ውስጥ አለበሰው። እንዲያ ሆኖ ሠርቶ አያውቅም። ለአንዲት የውሃ መስመር ብቻ ስንት ሌየር እንደደረበ እሱ ነው የሚያውቀው። ሲጨርስ ሀሴትን እጇን ይዞ አስገባት።

ሀሴት ቆማ አየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አይዋሽም፣ አቀረረ። «ወረኢሉን አምጥተህልኝ» አለች ቀስ ብላ። እጇን ዘረጋች። ጫፉን ልትነካ ሲል ግን አቆመች።

«ነገ ጠዋት ይታደሳል?»

«እንዴታ። እኔ ቤት ያረጀ ነገር አይኖርም።»

«እህ» አለች ሀሴት። እጇን መለሰችና ግንባሩን ሳመችው። ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አንስታ ወጣች። ወዴት ነሽ አላላትም። አሳንሰሩ ሲወርድ ይሰማው ነበር።

በማግስቱ፣ ፀሐይ መሃል ሰማይ ላይ እያለች፣ ሰው እያየ፣ ያፌት ወደ ቧንቧ ውሃ ወረደ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ የተቆጣጣሪነት ምልክቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ነበር። ሕጉ አለ፤ ያልታደሰ ግድግዳ ጉድለት ነው፣ ተቆጣጣሪ ያየውን ጉድለት ያርማል። ማንም ሊጠይቀው አይችልም፣ የጠየቀውም የለም። መዳፉን ከግድግዳው ጥግ ላይ አሳረፈ። ግድግዳው አወቀውና ተከፈተለት።

ብልጭ አለ። ይኸው ነው።

ከዚያ ሁሉ ጀርባና ትከሻ አንዱም አልቀረ። ድንጋዩ ሻካራ፣ ጥቁር፣ አዲስ ሆኖ ቆመ። ተደግፈው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን የተነጠቁ ያህል ደንገጥ ብለው ቀጥ አሉ፤ ዞረው ግድግዳውን አዩት፣ ዳበሱት፣ ከዚያ ያፌትን አዩት። «ምነው ልጄ» አሉ። ያፌት ታድሷል አላቸው። ሄደው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሀሴት የዚያን ዕለት ማንንም ሳትጠይቅ ቶሎ ተመለሰች። በሩን ከፍታ ገባች፣ ጫማዋን አላወለቀችም፣ ከክፍሉ መሃል ያለችው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ያፌት የሚሆነውን ሁሉ አስቦ ነበር፤ ቁጣ አስቦ ነበር፣ ጥያቄ አስቦ ነበር። ሀሴት ግን የደረቀ ድምፅ አወጣች።

«እማዬን አጠፏት።»

ምን እንደምትል አልገባውም።

ነገረችው። እናቷ በመጨረሻው ዓመት ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸው ወደ ሐኪም የምትወስዳቸው በገመድ መኪናው ነበር። ማረፊያው ውስጥ ይቀመጣሉ። መኪናው ሲመጣ፣ ልደግፍዎት ስትላቸው እምቢ ይሉና ግድግዳውን ተደግፈው ይነሳሉ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ፣ በቀኝ እጃቸው። ሲያርፉ ቤታቸው በማግስቱ ጠዋት ታደሰና ለሌላ ሰው ተሰጠ። በሩ ላይ የነበረው የመጨረሻ ቀን የእጃቸው ወዝ፣ አልጋቸው አጠገብ ራሳቸው ያረፈበት፣ ሁሉም በአንዲት ብልጭታ ሄደ። ሀሴት በኋላ እንዲያው ዝም ብላ ማረፊያው ውስጥ ስታልፍ እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አገኘችው። ትንሿ ጣታቸው ሳትቀር። ያቺ በልጅነታቸው ተሰብራ ቆልመም ብላ የቀረችው።

ያፌት ያቺን ጣት ያውቃታል። አማቱ ሲያጎርሱት ሁልጊዜ አገጩን ትነካው ነበር። ያን ሁሉ ጠዋት ግድግዳው ፊት ቆሞ አይቷት፣ ለብቻዋ ናት ብሎ ያለፋትም እሷን ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

ሀሴት ቀና ብላ አየችው። «ብነግርህ አዲስ ትሠራልኝ ነበራ» አለች።

ከዚያ፣ ያጠፋው ሙስዓብ መሆን አለበት አለች፤ እድሳቱን ረስቶት ነበር ይሉ ነበር፣ አሁን ትዝ ብሎት አስሮት ይሆናል። ቆሎ እየሰጠኝ፣ እያሳቀኝ፣ ሁሉን ነግሬው ሳለ እንዴት እንዲህ ያደርጋል፣ ከእንግዲህ ዓይኑንም አላየው አለች።

እናንተ ሆዬ፣ የሰው ልብ ምን ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ ያን ጊዜ የያፌትን ልብ ማየት ነበር። በጸጸቱ መሃል፣ እንደ መብረቅ ለአፍታ፣ ደስ አለው። ሙስዓብን ጠላችው። ለእሱ የነገረችውን ሁሉ ለእኔ ሳትነግረኝ ቀረች የሚለው ደግሞ ተከትሎ መጣና ያንኑ ደስታ አቃጠለው። እኔ ነኝ ሊላት አፉን ከፈተ። ሻይ ላፍላልሽ ወይ የሚል ቃል ወጣው።

ከዚያ ወዲያ ያፌት ከሥራ ቤቱ አልወጣም። የሚሠራውን ማንም አላየበትም። ድንጋዩን ከነሽበቱ ዘረጋ፤ ፍለጋ ላይ ሳለ ያጠናው ሁሉ አሁን በእጁ ውስጥ ነበር። በቅናት ያየ ዓይን ምንም አይጥልም፣ ሁሉን አስቀምጦ ነበር። መዳፉ የጎደጎደበትን አለሳለሰ። ሽበቱን አሳሳው፣ ከአውራ ጣት በኩል ይበልጥ፣ ምክንያቱም አማቱ ሲነሱ ወደዚያ ነበር የሚጫኑት። አራቱን ጣቶች አወረደ። አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ እጁን አነሳ። ብሩሹን ጥሎ ዓይኑን ጨፈነና ጉርሻውን አስታወሰ፤ ጣቷ አገጩን በየት በኩል ትነካው እንደነበር፣ ምን ያህል እንደምትጎብጥ፣ ጫፏ እንዴት ትንሽ ወደ ውጭ እንደምታይ። ሠራት። አጠፋት። ሠራት። ቆንጆ ስትሆን ያጠፋታል፤ ትንሽ ስትንጋደድ፣ የደከመች ስትመስል፣ ተዋት።

አንዲቱ ብቻዋን እንዳታስታውቅ የሌሎቹንም ጨመረ። የልጆቹን መስመር፣ የሽማግሌውን ትከሻ፣ የእርጉዟን ወገብ። ከዚያ አንድ ሌሊት ወደ ማረፊያው ወርዶ ሥራውን ግድግዳው ላይ አሳረፈና እድሳቱን ፈታ። በአርባ ዓመት ሥራው ውስጥ እድሳት ፈትቶ አያውቅም ነበር፤ እጁ ቁልፉን ፈልጎ እስኪያገኝ ቆየ።

ግድግዳው ተመልሷል የሚለውን ወሬ ወደ ቤት ያመጣው እሱ አልነበረም። ቤዛዊት ናት ለሀሴት ደውላ የነገረቻት። ሀሴት አላመነችም። ያፌት አብሬሽ ልሂድ አላት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ወረዱ።

ማረፊያው ሰው ሞልቶት ነበር። ሽማግሌው ትከሻቸውን አስጠግተው «ትንሽ ዝቅ ብሏል» እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ግን ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተመቻቹበት። ሙስዓብ ከጥግ ቆሞ፣ እጁን አጣምሮ፣ ግድግዳውን ያያል። የራሱን ሥራ የሚያይ ሰው አይመስልም።

ሀሴት ወደ ቦታዋ ሄደች። እጇን አነሳች፣ ግን አላሳረፈችም፤ መጀመሪያ በአንድ ጣት የአራቱን ጣቶች መስመር ተከተለች። ከዚያ አምስተኛዋን። ሀሴት መዳፏን ሙሉውን አሳረፈች፣ ግንባሯን ከእጇ በላይ ድንጋዩ ላይ አደረገች። ያ የያኔው ዕረፍት፣ ከዓምድ ኋላ ተደብቆ ያየው፣ ፊቷ ላይ ተመለሰ።

ቀና ስትል ሙስዓብን ፈለገችው። ሄዳ ሁለት እጁን ያዘች።

«አጠፋኸው ብዬ ተቀይሜህ ነበር። ይቅር በለኝ። እጅህ ይባረክ፣ የኔ ወንድም። እጅህ ይባረክ።»

ሙስዓብ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ ያፌትን አየው። ረጅም ነበር አስተያየቱ። ያፌት እጆቹን ኪሱ ከቷል።

«አብሽሪ» አላት ሙስዓብ። «አብሽሪ እህቴ።»

ሀሴት ወደ ግድግዳው ስትመለስ ሁለቱ ወንዶች ጎን ለጎን ቆሙ። መኪናው መጣ፣ ሰው አወረደ፣ ሰው ጫነ፣ ሄደ።

«ትንሿን ጣት እኔ አልችላትም ነበር» አለ ሙስዓብ፣ ወደ መኪናው እያየ።

ያፌት ወደ ሀሴት ጀርባ አየ።

«ልንገራት?»

«ተው። ማን እንዳጠፋውም ትጠይቅሃለች።»

«ምርቃቱ ይከብደኛል፣ ያፌት።»

«ተሸከመው» አለው ያፌት። የበለጠ ደግ ቃል ፈልጎ ነበር፤ አላገኘም።

ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። ሀሴት ከሰዓት ከሰዓት መውረዷን አላቆመችም፣ አሁን ግን ያፌት አብሯት ይወርዳል። ፊት ለፊት ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያታል። በየቀኑ ትነካዋለች። በትዳራቸው ዘመን ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተነካው የያፌት የእጅ ሥራ አሁን በየቀኑ በሀሴት መዳፍ ይዳበሳል። እሷ ግን የምትነካው እናቷን ነው፣ የምታመሰግነው ሙስዓብን ነው። ሙስዓብ ሲያልፍ ትነሳለታለች። ቆሎውን ትዘግናለች። በሳቀች ቁጥር ያፌት ዛሬም ይቀናል፤ ሲለምደው ይበርድልኛል ብሎ ነበር፣ አልበረደም።

አንድ ነገር ግን ያያል፣ ከእሱ በቀር ማንም የማያየው። የሀሴት መዳፍ ከእናቷ መዳፍ ሰፋ ይላል። እሷ ባሳረፈች ቁጥር የጎድጓዳው ጠርዝ ትንሽ ትንሽ ወደ ውጭ ይሸሻል። ያቺ ቆልማማ ጣት፣ ሠርቶ አጥፍቶ ሠርቶ የተዋት፣ ከሥሯ እየሟሟች ነው። ቀጥ ያለች ትንሽ ጣት ትተካታለች፤ የሀሴት። ሌላ አንድ ዓመት ቢያልፍ ከያፌት ሥራ ምንም አይገኝባትም። ሊያስተካክለው ይችላል፤ መዳፉን ቢያስነካ ግድግዳው ይከፈትለታል። ተቀምጦ ያያል።

«ምን ሁልጊዜ እዚያ ትቀመጣለህ?» አለችው አንድ ቀን። «ና እዚህ፣ ተደገፍ። አይቆረቁርም።»

ተነሥቶ ሄደ። ከጎኗ ጀርባውን ቀስ ብሎ ለድንጋዩ ሰጠ። ትከሻዋ ትከሻውን ነካው።

«አየህ አይደል?» አለች ዓይኗን እንደጨፈነች። «ይኼ ሙስዓብ እኮ ልዩ ሰው ነው።»

«አዎ» አለ ያፌት። «ጎበዝ ነው።»